የሚጠየቅ ሰው

በዚህች በእጅ በምትጻፍ ወረቀታችን ላይ እስካሁን ስለ ናፍቆት፣ ስለ አገርና ስለ እናት ብዙ ተጽፏል፤ መልካምም ነው። በዚህ እትም ግን ሌላ ነገር ለማንሣት ተስማምተናል። ይኸውም ሰው ስለ መረጠው ነገር መልስ ሰጪው ራሱ ስለ መሆኑ ነው። እኛ ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥላ ሥር ተቀምጠን መጽሐፍ የምናነብ ጥቂት ሰዎች ነን። አብዛኞቻችን ኦርቶዶክሳውያን ስንሆን በወንጌላውያን ማኅበር ያደጉም በመካከላችን አሉ። ከሰፈራችን ሙስሊሞችም ይህችን ወረቀት ተውሰው የሚያነቡ ስላሉ፣ የምንናገረው በእነሱም ፊት መሆኑን አልዘነጋንም።

በመጀመሪያ የምንናገረውን ቋንቋ እንመልከት። አማርኛ ርኅሩኅ ቋንቋ ነው። ብርጭቆ ከእጅ ወድቆ ሲሰበር «ሰበርኩት» የሚል ሰው ጥቂት ነው፤ «አመለጠኝ» ይባላል፣ ብርጭቆው እግር አውጥቶ የሮጠ ይመስል። ገንዘብ ያባከነ «አለቀብኝ» ይላል። ያረፈደ «ሰዓቱ ሄደብኝ»፣ የተሳደበ «አፌ አመለጠኝ»፣ ከጥበቃ ተራው የቀረ «እንቅልፍ ወሰደኝ» ይላል። ነገሩ ከበድ ሲል «ሰይጣን አሳሳተኝ» ይመጣል። ከዚያም ሲብስ «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» ይባልና ፋይሉ ይዘጋል። በዚህ ሁሉ ንግግር ውስጥ ብርጭቆው፣ ሰዓቱ፣ አፉ፣ እንቅልፉ፣ ሰይጣኑና ዕድሉ ሥራ ሲሠሩ እናያለን። ሥራ ፈትቶ የተቀመጠው ተናጋሪው ብቻ ነው።

አባቶቻችን ይህን አመል ሳይታዘቡት አልቀሩም። ጥፋትን በማይመለከተው ላይ የሚለጥፈውን «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ» ብለው ተረቱበት። ትልቁን ትቶ በማይናገረው ላይ የሚበረታውን ደግሞ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» አሉት። እንግዲህ ቋንቋው ማምለጫውን ቢሰጠንም፣ ያው ቋንቋ ማምለጫውን የሚዘጋ ተረትም ሰጥቶናል ማለት ነው።

ሌላም ቃል ሰጥቶናል፤ «ተጠያቂ» የሚለውን። ዛሬ ይህ ቃል ሲሰማ ሰው ይደነግጣል፤ ጣቢያና እስር ቤት ትዝ ይለዋል። ነገር ግን ቃሉ በራሱ የሚለው «የሚጠየቅ» ብቻ ነው። በአገራችን በቀድሞው ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ «ተጠየቅ» እየተባባሉ ይከራከሩ ነበር። ነጠላቸው ተቋጥሮ ቁራኛ ሆነው ወደ ዳኛ ሲሄዱ፣ መንገደኛው ሁለት ሰዎች እንጂ ሁለት ዕቃዎች ሲያልፉ አላየም። ከብት ከማሳ ገብቶ እህል ቢበላ የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው፤ በሬው አይጠየቅም። ስለዚህ መጠየቅ ከሰው ማዕረግ የሚቆጠር ነው። የማይጠየቅ ወይ ሕፃን ነው፣ ወይ አእምሮው የታወከ ነው፣ ወይ ከብት ነው።

በዚህ በካኩማ ብዙ እንጠየቃለን። ሰፈሩ በፈረንጆች 1992 ከተመሠረተ ጀምሮ እዚህ የገባ ሰው ሁሉ በጠረጴዛ ፊት ተቀምጧል። ስምህ ማን ነው፤ የአባትህ፣ የአያትህ ስም፤ መቼ ተወለድክ፤ ለምን ከአገርህ ወጣህ፤ ማን አሳደደህ፤ ማን መታህ፤ ማን ሞተብህ? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ ያለ እነሱ ኬዝም ራሽን ካርድም የለም። ዳሩ ግን ሁሉም የሚጠይቁት ስለ ደረሰብን ነገር ነው። አንድ ሰው አሥር ዓመት፣ ሃያ ዓመት ስለ ደረሰበት ነገር ብቻ ሲመልስ ከኖረ፣ በመጨረሻ ራሱን ነገር የሚደርስበት እንጂ ነገር የሚያደርግ ፍጡር አድርጎ ማየቱን ሊያቆም ይችላል። ራሽን ሲቀነስ ደረሰበት። ኢንተርቪው ሲራዘም ደረሰበት። በጎረቤቱ ላይ ሲጮኽም ያው «ደረሰብኝ» ይላል። የዚህ ጽሑፍ ጭንቀት እዚህ ላይ ነው። አገራችንንና ቤታችንን አጥተናል፤ ከዚህ በላይ ተጠያቂነታችንንም ካጣን ከሰውነት ምን ይቀረናል?

የመጽሐፍ ቅዱስ የመጀመሪያው የእግዚአብሔርና የበደለኛ ሰው ንግግር በጥያቄ ይጀምራል። አዳም ከዛፍ መካከል ተደብቆ ሳለ እግዚአብሔር የት እንዳለ ጠየቀው። ያለበትን አጥቶ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ማን ዕራቁትነቱን እንደ ነገረው ጠየቀው፤ ከተከለከለው በልቶ እንደሆነም ጠየቀው። አዳምም ወደ ሔዋን አመለከተ፤ እንዲያውም ሴቲቱን የሰጠኸኝ አንተ ነህ በማለት ጥፋቱን ወደ ፈጣሪም አስጠጋው። ሔዋን ተጠየቀች፤ ወደ እባብ አመለከተች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ እባቡ አልተጠየቀም። ፍርዱን ሰማ እንጂ ለምን እንዲህ አደረግህ የሚለው አልነበረም። ጥያቄው የቀረበው ለሰዎቹ ብቻ ነው። እግዚአብሔር ጥያቄውን ያቀረበላቸው መልስ ከእነሱ ዘንድ ስለሚጠብቅ፣ ማለትም ገና ስላከበራቸው ነው። ቃየንም ወንድሙን ከመግደሉ በፊት ስለ ምን እንደ ተቆጣ ተጠይቆ ነበር፤ ከገደለም በኋላ ወንድሙ የት እንዳለ ተጠየቀ። ገዳዩ እንኳ ከመጠየቅ ክብር አልተባረረም።

ይህን ካልን በኋላ አንድ ማስጠንቀቂያ ካላስከተልን ነገራችን ጨካኝ ይሆናል። «ተጠያቂ ነህ» የሚለውን ቃል እንደ ድንጋይ አንሥተው የወደቀውን ሰው የሚወግሩበት አሉ። ልጇ የሞተባትን እናት «ምን ኃጢአት ብትሠሪ ነው» የሚሉ፣ ከአገር የተባረረውን «የእጃችሁን ነው ያገኛችሁት» የሚሉ። የክርስቶስ ትምህርት ይህን አይፈቅድም። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው፣ እሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ናቸው የበደሉት ብለው በጠየቁ ጊዜ፣ እሱም ወላጆቹም አይደሉም ብሎ መልሷል። በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት 18 ሰዎችም፣ ከኢየሩሳሌም ነዋሪ ሁሉ ይልቅ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ ተናግሯል። ስለዚህ የወደቀብን ግንብ ጥፋታችን አይደለም። ያልቀሰቀስነው ጦርነት፣ ያልቆረጥነው ራሽን፣ ያላራዘምነው ቀጠሮ በእኛ አይጠየቅም። የምንጠየቀው ግንቡ ከወደቀ በኋላ፣ ከፍርስራሹ ሥር ያለው ጎረቤታችን ሲጮኽ ባደረግነው ነው።

ይህን ልዩነት ከማንም አብልጦ ያስተማረው እንደ እኛ ስደተኛ የነበረ ሰው ነው። ነቢዩ ሕዝቅኤል በ597 ከክርስቶስ ልደት በፊት ከንጉሡ ጋር ከኢየሩሳሌም ወደ ባቢሎን ከተወሰዱት ምርኮኞች አንዱ ነበር። የካህን ወገን ሆኖ ቤተ መቅደስ በሌለበት አገር፣ በኮቦር ወንዝ አጠገብ ይኖር ነበር። በዚያ ሰፈር አንድ ተረት ይወራ ነበር፤ አባቶች ያልበሰለ ወይን በሉና የልጆች ጥርስ ጠረሰ የሚል ነው። ትርጉሙም የሚገባን ነው። ይህ ሁሉ የመጣብን በአባቶቻችን ጥፋት ነው፤ እኛ ምን እናድርግ ማለታቸው ነበር። ተረቱ እውነት አልነበረበትም አንልም፤ አባቶቻቸው በእርግጥ በድለዋል። ሕዝቅኤል ግን ከእንግዲህ ይህ ተረት በመካከላችሁ አይነገር አላቸው። ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም፤ አባትም የልጁን አይሸከምም፤ እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ይጠየቃል ብሎ አስተማረ።

ይህ ትምህርት በሁለት በኩል ይቆርጣል። በአንድ በኩል ነፃ ያወጣል። በሰፈራችን አባቱ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ የተገደለበት ሰው አለ፤ አባቱ በዚያው ዘመን መሣሪያ ይዞ የነበረም አለ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ የሸሸ ወታደር ልጅ አለ፤ ያንን ወታደር ያሳደደው ተዋጊ ልጅም ከጊዜ በኋላ በተራው ተሰዶ እዚሁ መጥቷል። እነዚህ ልጆች በአንድ ቦኖ ጀሪካናቸውን ይደረድራሉ። እንደ ሕዝቅኤል ቃል ከሆነ፣ ከእነሱ አንዱም በአባቱ እጅ አይጠየቅም። በሌላ በኩል ግን ያው ትምህርት መደበቂያ ይነሣል። «አባቶቻችን እንዲህ አደረጉን» ብሎ ዛሬ በቦኖው ላይ የሌላውን ጀሪካን የሚረግጥ ልጅ፣ እርግጫው የራሱ ነው። የአባቱን ዕዳ እንደማይከፍል ሁሉ፣ የራሱንም በአባቱ ስም ማስመዝገብ አይችልም።

እዚህ ላይ በሰፈራችን የሆነ ነገር እንንገራችሁ። ስማቸውን አንጠራም። ሁለት እናቶች ነበሩ፤ አንዷ ትግርኛ ተናጋሪ፣ ሌላይቱ አማርኛ ተናጋሪ። ብዙ ዓመት በአንድ ጀበና ቡና ሲጠጡ፣ ልጅ ሲጠባበቁ ኖረዋል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲጀመር ቡናው ቀረ። ጠብ አልተነሣም፤ ማንም ማንንም አልሰደበም። አንድ ቀን አልተጠራሩም፤ ሁለተኛ ቀን አልተጠራሩም፤ ከዚያ በኋላ አለመጠራራት ልማድ ሆነ። ሰው ሲጠይቃቸው ሁለቱም «ዘመኑ ነው» ይሉ ነበር። ማንም አልወቀሳቸውም፤ ዘመኑ በእርግጥም ክፉ ነበርና። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ሲፈረምም ቡናው አልተመለሰም። ፈራሚዎቹ ስለ ሁለቱ እናቶች ጀበና የሚያውቁት ነገር አልነበረምና።

በዚያ ዓመት በዐቢይ ጾም አማርኛ ተናጋሪዋ እናት ወደ ንስሐ አባቷ ሄደች። ምን እንደ ተነጋገሩ አናውቅም፤ ማወቅም የለብንም። በማግሥቱ ግን የጎረቤቷን በር አንኳኳች። በኋላ ራሷ ለሰው ሁሉ እንደ ነገረችው፣ ያለችው ይህን ብቻ ነው፦ «እትዬ፣ ጦርነቱን እኔ አልጀመርኩትም፤ ቡናውን ያቋረጥኩት ግን እኔ ነኝ።» ያችኛይቱ እናት ዝም ብላ ቆማ፣ «እኔም አልጠራሁሽም» አለችና አስገባቻት። በሁለቱም ወገን የሞተ ዘመድ ነበረና ያን ቀን ቡናው ከልቅሶ ጋር ተጠጣ። ጦርነቱን በተመለከተ ዛሬም አይስማሙም። ቡናው ግን አለ።

ስለ ተጠያቂነት ብዙ ብናነብም ከዚህች እናት ንግግር የተሻለ አስረጅ አላገኘንም። ንግግሯ ሁለት ግማሽ አለው። በመጀመሪያው ግማሽ የእሷ ያልሆነውን አልተሸከመችም፤ ጦርነቱን የጀመርኩት እኔ ነኝ ብትል ውሸት በሆነ ነበር። በሁለተኛው ግማሽ የእሷ የሆነውን አልጣለችም። «ቡናው ቀረ» አላለችም፤ «ያቋረጥኩት እኔ ነኝ» አለች። ግሡን ወደ ራሷ መለሰችው። ሌላም ነገር አለ፤ የጎረቤቷን ድርሻ አልቆጠረችም። የጎረቤቷን ድርሻ የተናገረችው ጎረቤቷ ራሷ ናት።

የዐቢይ ጾም ሰንበቶች ለዚህ ነገር መምህር ናቸው። አራተኛው ሰንበት መፃጉዕ ይባላል፤ በመጠመቂያው አጠገብ 38 ዓመት የተኛው በሽተኛ የሚታሰብበት ነው። ጌታችን ወደ እሱ መጥቶ መዳን ይፈልግ እንደሆነ ጠየቀው። ለ38 ዓመት በሽተኛ ይህ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? መልሱ «አዎን» ወይም «አይደለም» መሆን ነበረበት። እሱ ግን ውኃው ሲናወጥ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው፣ ሌላውም እየቀደመው እንደሚወርድ አስረዳ። ሰው የለኝም አለ። ወገኖቼ፣ ይህን ቃል በካኩማ የማያውቅ ማን ነው? ውጭ አገር ሰው የለኝም፣ ቢሮ ሰው የለኝም፣ ኬዜን የሚያነሣልኝ ሰው የለኝም። ቃሉ እውነት ነው፤ መፃጉዕም አልዋሸም። ጌታም ሐሰት ተናገርህ ብሎ አልገሠጸውም። ነገር ግን የሚያወርደው ሰው እስኪገኝ አላስጠበቀውም፤ ተነሥቶ አልጋውን ራሱ እንዲሸከም አዘዘው። ፈውሱ የጌታ ነው፤ መነሣቱ የበሽተኛው ነው። የተሸከመው አልጋ ደግሞ ቀድሞ እሱን ሲሸከም የኖረው ነው።

ስድስተኛው ሰንበት ገብር ኄር ነው፤ መክሊት የተሰጣቸው አገልጋዮች ነገር። አምስት የተቀበለው አምስት አተረፈ፤ ሁለት የተቀበለውም ሁለት አተረፈ። አንድ የተቀበለው ግን ምድር ቆፍሮ ቀበረው። ሲጠየቅም ጌታውን ጨካኝ ነህ፣ ስለዚህ ፈራሁ አለው። ጥፋቱን በጌታው ጠባይ ላይ ጫነው ማለት ነው። እኛ በስደት ላይ ያለን ሰዎች ይህን ምሳሌ ስናነብ ልባችን ወደ ባለ አንድ መክሊቱ ያዘነብላል። የተሰጠን ጥቂት ነውና። በፈረንጆች 2025 ራሽን ክፉኛ ሲቀነስና ቤተሰብ ሁሉ በምድብ ሲከፈል፣ ያቺ አንዷ መክሊት እንኳ የተከፈለች መስሎ ታየን። ሆኖም ምሳሌው ባለ አንዱን አምስት ለምን አላመጣህም አይለውም። የተጠየቀው በተሰጠው መጠን ነው። በዚያን ጊዜ ያየነውን እንናገራለን። ከምድቡ የወጣችውን ጎረቤቷን ልጆች በተራ የምታበላ ሴት አይተናል። ያላትን አንድ ድስት ማሽላ ቀብራ «ጊዜው ከፋ» ማለት ትችል ነበር፤ ሰውም ያምናት ነበር።

አሁን ወደ ከበደው እንምጣ። ትክክለኛውን መምረጥ ሁልጊዜ ዋጋው ቶሎ አይከፈልም። በሰፈራችን አንድ ሽማግሌ አሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የቅርብ ወዳጃቸው የሆነ ቤተሰብ ለሪሴትልመንት ሲጠራ፣ የወንድም ልጅ የሆነውን ወጣት «የራሳቸው የአብራካቸው ክፋይ ነው» ብለው እንዲመሰክሩ ተለመኑ። ነገሩ ከውጭ ሲታይ ምሕረት ይመስላል፤ አንድ ወጣት ከዚህ አቧራ ይወጣል፣ የሚጎዳም ያለ አይመስልም። ሽማግሌው ሦስት ቀን አስበው አይሆንም አሉ። «እውነቱን ንገሩ፤ የወንድም ልጅ ነው፣ አሳድገነዋል በሉ፤ ይህን ከጠየቁኝ እመሰክራለሁ» አሏቸው። ወዳጅነቱ በዚያው ቀዘቀዘ። ሽማግሌው ዛሬም እዚሁ ናቸው፤ የእሳቸው ኬዝም አልተነሣም። ሰው «ምን አተረፉ?» ብሎ ሲጠይቃቸው፣ «በመስቀሉ ፊት ስቆም እጄን የማልሸሽገው ሆንኩ» ይላሉ፤ ከዚያ በላይ አይጨምሩም። እኛም አንጨምርም። እግዚአብሔር ተጠያቂነትን በቪዛ አይገዛም። ይህን የማያምን ሰው ቢኖር አንፈርድበትም፤ ችግሩን እናውቃለንና። የሽማግሌውን ምርጫ ግን ሞኝነት ብሎ ከሚስቅ ሰው ጋር አንስቅም።

ስለ እጅ ከተነሣ ጲላጦስን ሳናነሣ ማለፍ አይቻልም። በሕዝቡ ፊት ውኃ አስመጥቶ እጁን ታጠበ፤ ከዚህ ሰው ደም ንጹሕ ነኝ ለማለት ነበር። ፍርዱ ግን በእሱ ሥልጣን ተፈጸመ። ምእመናን በጸሎተ ሃይማኖት የጌታን መከራ ሲናገሩ ዛሬም የጲላጦስን ስም ይጠራሉ፤ ያ ሁሉ ውኃ ስሙን ከነገሩ አላጠበውም። ደስ የሚለው ግን ነገሩ በዚህ አለማለቁ ነው። የእኛ ቤተ ክርስቲያን በስንክሳሯ ሰኔ 25 ቀን ጲላጦስን ከሚስቱ ጋር ታስበዋለች፤ በኋላ አምኗል ብላ ትቀበላለችና። እንግዲህ በአባቶቻችን አሳብ ጲላጦስን ያዳነው የእጁ መታጠብ ሳይሆን የልቡ መመለስ ነው። እጅ መታጠብ «እኔ የለሁበትም» ማለት ነው። መመለስ ግን «ነበርኩበት» ብሎ ይጀምራል።

ምናልባት ከእናንተ መካከል፣ «ይህን ሁሉ ብቀበል እፈርሳለሁ፤ የሠራሁትን በስሙ ብጠራው አልችለውም» የሚል ይኖራል። ለዚህ ሰው ከሁሉ አብልጠን ልንናገር እንወዳለን። በዚያች በጌታ የመከራ ሌሊት ሁለት ደቀ መዛሙርት ወደቁ። ይሁዳም ጴጥሮስም ተጸጸቱ። እንዲያውም ጥፋቱን በአፉ የተናገረው፣ 30ውን ብርም የመለሰው ይሁዳ ነው። ነገር ግን ኑዛዜውን የወሰደው ወደ ካህናት አለቆች ነበር፤ እነሱም ለእኛ ምን አገባን ብለው አሰናበቱት። ምሕረት ወደሌለበት በር ሄደና ብቻውን ቀረ። ጴጥሮስ ግን አልቅሶ ከወንድሞቹ ጋር ቆየ። ከትንሣኤም በኋላ በባሕር ዳር፣ በከሰል ፍም አጠገብ፣ ጌታ ይወደው እንደሆነ ሦስት ጊዜ ጠየቀው። ሦስት ጊዜ የካደውን ሦስት ጊዜ ጠየቀው። የካደውም በከሰል ፍም አጠገብ ነበር። ለምን ካድከኝ አላለውም፤ በጎቹን እንዲጠብቅ አደራ ሰጠው። ክርስቲያን ጥፋቱን ለመናገር የሚደፍረው ብርቱ ስለሆነ አይደለም። ጠያቂው ማን እንደሆነ ስለሚያውቅ ነው። ስለዚህ ሸክሙ የከበደው ሰው ብቻውን አይቀመጥ። ወደ ንስሐ አባቱ፣ ወደ ሽማግሌ፣ ወደሚያምነው ወዳጅ ይሂድ። እንደ ይሁዳ የተዘጋ በር ላይ አይቁም፤ የተከፈተ በር እስኪያገኝም አያቁም።

ንግግራችን በአየር ላይ እንዳይቀር ሦስት ነገሮችን እናስታውስ። አንደኛ፣ ግሡን እንመልሰው። «ተጣላን» ከማለት «ሰደብኩት»፤ «ገንዘቡ ጠፋ» ከማለት «የእቁቡን ገንዘብ አጠፋሁት» ማለት ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ሞክሩት፣ ምላስ እንዴት እንደሚከብድ ታያላችሁ። ሁለተኛ፣ የሚጠገነውን እንጠግን። ቀራጩ ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ ሲቀበል አዝናለሁ ብሎ ብቻ አልተቀመጠም፤ የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ካህናትም ቀኖና ሲሰጡ ከስግደቱ ጋር የተወሰደውን መመለስ፣ ከተጣሉት መታረቅ ይጨምሩበታል። ሦስተኛ፣ የራሳችን ጋ ስንደርስ እንቁም። የሌላውን ድርሻ ለመቁጠር አንቸኩል፤ እሱም የሚጠይቀው ጌታ አለውና።

ለወላጆች ደግሞ አንድ ቃል አለን። በዚህ ሰፈር የተወለዱ ልጆቻችን የምርጫ ኑሮ አላዩም። እህሉን ሌላ ይወስናል፣ ቦታውን ሌላ ይወስናል። ኬንያ በፈረንጆች 2021 ካኩማንና ዳዳብን በሰኔ 2022 እዘጋለሁ ባለች ጊዜ ልጆቻችን «ወዴት እንሄዳለን?» ብለው ሲጠይቁን፣ የምንመልሰው አልነበረንም። ቀኑ አለፈ፤ ሰፈሩም አልተዘጋም፤ ልጆቹ ግን ሕይወታቸው በሌላ እጅ እንዳለ ተማሩ። እንግዲህ ቢያንስ በቤታችን ውስጥ እንጠይቃቸው። ልጁ ሲያጠፋ ከመምታት በፊት «ምን አደረግህ?» እንበለው፤ መልሱንም እስኪጨርስ እንስማው። ሲያለማም «ይህን ያደረግኸው አንተ ነህ?» እንበለው። በእናቱ ቤት የተጠየቀ ልጅ ነገ ስለ ራሱ መናገር አያቅተውም።

ነቢዩ ኤርምያስ ከኢየሩሳሌም ለባቢሎን ምርኮኞች ደብዳቤ ልኮላቸው ነበር። የመመለሻው ዘመን ሩቅ ነውና ቤት ሥሩ፣ ተክል ትከሉ፣ ልጆች ውለዱ፣ ለምትኖሩባት ከተማ ሰላም ጸልዩ አላቸው። ወደዚያ የሄዱት መርጠው አይደለም፤ የሚተክሉትን ተክል ግን መምረጥ ይችሉ ነበር። እኛም ወደ ቱርካና ምድር መርጠን አልመጣንም። እንጨት የምትሸጥልን የቱርካና ሴትም እኛን መርጣ አልተቀበለችንም። ሚዛኑን ለእሷ እውነተኛ ማድረግ ወይም ማጉደል ግን በየቀኑ የእኛ ምርጫ ነው።

ይህችን ወረቀት አንብባችሁ ስትጨርሱ ለጎረቤት አሳልፉ፤ ኮፒ የለንምና አትቅደዱ። ሌላ አሳብ ያለው፣ የጻፍነውንም የሚቃወም ካለ፣ ለሚቀጥለው እትም ጽፎ ያምጣልን፤ ስለ ጻፍነው ነገር እንጠየቃለን።

ሰላመ እግዚአብሔር ከሁላችን ጋር ይሁን።